ከዶሮ ቤት ሥር የዓሣ ኩሬ ልቆፍር ነው፤ ስንት ዶሮ ይበቃል?

የመራዊ ጓሮ፦ እንደምን አላችሁ ወገኖች። መራዊ አጠገብ የቆጋ መስኖ ቦይ የሚደርሰው ጓሮ አለኝ። 15 በ8 ሜትር የሆነ ኩሬ ቆፍሬ 40 እንቁላል ጣይ ዶሮዎቼን ከላዩ ላይ በቆጥ ላሳድር አስቤያለሁ። ኩሳቸው በኩሬው ለማረባው ቆሮሶ ለሚባለው ዓሣ ቀለብ ይሆናል፣ ውሃው ወደ ጎመኑና ሽንኩርቱ ይወርዳል። ሁለት ላሞች ስላሉኝ እበትም አላጣም። የሞከረ ካለ ከመቆፈሬ በፊት ይምከረኝ።

ባለኩሬ፦ ወንድሜ፣ ሐሳብህ ጥሩ ነው፤ ለ120 ካሬ ግን 40 ዶሮ በዝቷል። በ10 ወይም በ15 ጀምር። እኔም ባሕር ዳር ዙሪያ ስጀምር ኩስ በበዛ ቁጥር ዓሣው የሚወፍር መስሎኝ ነበር። ኩሱ የሚቀልበው ውሃውን ነው፤ ውሃው ደግሞ በዓይን የማይለዩ አረንጓዴ ዕፅዋት ያበቅላል፣ ቆሮሶ የሚበላው በአመዛኙ እነሱን ነው።

አንድ ሐምሌ ሰማዩ ሳይገለጥ ሳምንት ሰነበተ፣ እኔም እበት ጨመርኩበት። ጎህ ሳይቀድ ብወጣ ዓሦቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው አየር ይፈልጋሉ። ዕፅዋቱ ቀን በፀሐይ ለውሃው አየር ይሰጣሉ፤ ሌሊት እነሱም ይተነፍሳሉ፣ የሚበሰብሰው እበትም የተረፈውን ይጨርሳል። ሲነጋ የሞቱትን በባልዲ ለቅሜ ቀበርኩ። ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ክንዴን ወደ ውሃው እሰዳለሁ። ውሃው ክርኔ ሳይደርስ መዳፌ ከተሰወረብኝ ጠግቧል፤ ምንም አልጨምርም። እስከ ክርኔ ገብቶ ጣቶቼ ከታዩኝ ርቦታል። ስለዚህ ኩሱ በቀጥታ እንዳይወድቅ ከቆጡ ሥር ቆርቆሮ አንጥፍ፤ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ጠርገህ ትጨምራለህ፣ የቀረው ለጓሮህ ይሆናል።

ቆሮሶ ደግሞ በጥቂት ወሩ መራባት ይጀምራል፤ ዝም ካልከው ኩሬው ጣት በሚያክል ዓሣ ይሞላብሃል። ወንድ ወንዱን ብቻ ካገኘህ እሰየው፤ ካላገኘህ ቆሮሶው ከጠነከረ በኋላ አምባዛ የሚባለውን ሌላ ዓሣ ጥቂት ጨምርበት፣ የቆሮሶውን ጫጩት ይለቅምልሃል። ቀድመህ ካስገባኸው ግን የምታሳድገውን ራሱን ይበላብሃል። ፍሩሽካና የኑግ ፋጉሎ ጨምርላቸው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ግን ቀንስ፣ ውሃው ሲቀዘቅዝ ብዙ አይበሉም።

አትክልተኛዋ፦ ከቦዩ ስትቀዳ ተጠንቀቅ ወንድሜ። ጎረቤት ቲማቲም ላይ መድኃኒት በረጨበት ቀን ውሃ አታስገባ፤ መርጫም ኩሬው አጠገብ አይታጠብ። ለሰው ብዙ የማይመስለው መጠን ዓሣ ይፈጃል።

የመራዊ ጓሮ፦ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። አፈሬ ቀይ ነው፤ ውሃ ይይዝ ይሆን?

ባለኩሬ፦ እስከ ወገብህ ጉድጓድ ቆፍር። ጠዋት ሙላው፤ ማታ የጎደለውን መልሰህ ሙላና ቅጠል አልብሰው። በማግስቱ አብዛኛው ካለ ኩሬህን ጀምር።

የመራዊ ጓሮ፦ ሞላሁት። ዛሬ ጠዋት የጎደለው ስንዝር አይሞላም።