የኤሲ ካፓሲተር፦ ብሬከር ማጥፋት ብቻ ይበቃል?

ጥያቄ (ጎንደር፣ አዘዞ)፦ ጤና ይስጥልኝ። የኤሲው የውጭ ክፍል ፋኑ ይዞራል፤ ኮምፕረሰሩ ግን ጉርርር ብሎ ይቆማል። ካፓሲተሩ 35+5 ማይክሮፋራድ፣ 450 ቮልት ይላል። ብሬከር ካጠፋሁ ልንካው?

መልስ፦ ኧረ ወንድሜ፣ እንዳትነካው! ብሬከሩ መስመሩን እንጂ ካፓሲተሩ ውስጥ የተጠራቀመውን ኤሌክትሪክ አያጠፋም፤ ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል። መጀመሪያ መስመሩ መሞቱን በቴስተር አረጋግጥ። ከዚያ 20 ኪሎ ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር እጀታው በተሸፈነ ፒንሳ ይዘህ ካፓሲተሩ አናት ላይ ካሉት ተርሚናሎች ከሲ (C፣ የጋራው) ወደ ኸርም (HERM፣ የኮምፕረሰሩ)፣ ቀጥሎ ከሲ ወደ ፋን (FAN) 10 ሰከንድ ያህል አገናኝ። በዲሲ ቮልት ለካ፤ ዜሮ ካልተጠጋ ድገም። በካቻቪቴ ሾርት ማድረግ (ተርሚናሎቹን በብረቱ በቀጥታ ማገናኘት) የተለመደ ነው፣ ግን ፍንጣሪው ዓይን ይጎዳል፤ ተርሚናሉንም ያቃጥላል።

መልስ፦ ሽቦ ከመንቀልህ በፊት ፎቶ አንሳ። የኸርሙ ልኬት (የ35ቱ) ከ33 ማይክሮፋራድ ከወረደ ወይም አናቱ ካበጠ ቀይረው። ፒያሳ ያለው 30 ብቻ ነው ቢሉህ አትግዛ፤ ማይክሮፋራዱ እኩል ይሁን፣ ቮልቱም ከ450 አይነስ።

መልስ፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ 3 ደቂቃ ጠብቅ። የጋዙ ግፊት ሳይመጣጠን ከተነሳ ኮምፕረሰሩ መዞር ያቅተውና ብዙ ከረንት ይስባል።