እግሯ መሬት ለማይረግጥ ሠራተኛ ረጅም ሞተር መስጠት ልክ ነው?

ጠያቂዋ፣ የእንስሳት ጤና ሠራተኛ፣ ምሥራቅ ጎጃም፦
ቁመቴ 1 ሜትር ከ54 ነው። መሥሪያ ቤቴ ለገጠር ሥራ ረጅም የኮረኮንች ሞተር ሰጠኝ። ስቀመጥበት መሬት የሚነካው የእግሬ ጣት ብቻ ነው። ባለፈው ክረምት ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። ሁለቱንም ጊዜ የወደቅሁት ስነዳ ሳይሆን ስቆም ነው። አንዴ በሬዎች መንገድ ሲያቋርጡ ቆምኩ። ግራ እግሬ ዋልካው ላይ ተንሸራተተና ሞተሩ ከነክትባት ሳጥኑ እላዬ ላይ ተኛ። ለሁሉም ሠራተኛ አንድ ዓይነት ሞተር መግዛት መቅረት አለበት እላለሁ። ለአጭሮች ዝቅ ያለ ይገዛ። እናንተስ?

ከሞጣ፦
እህቴ፣ እንኳን ተረፍሽ። በሐሳቡ ግን አልስማማም። የአገራችንን ክረምት ታውቂዋለሽ። ዝቅ ያለ ሞተር ገና ቀበሌ ሳይደርስ ሆዱ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ደግሞ የከተማ ሞተር የፊት ፓራፋንጎው፣ የጭቃ መከላከያው ማለቴ ነው፣ ጎማው ላይ የተጠጋ ነው። ዋልካ ከተጠቀጠቀበት ጎማው አይዞርም፤ በእንጨት እየፈነቀልሽ ልትሄጂ ነው። የረጅሙ ፓራፋንጎ ከፍ ያለው ለዚህ ነው።

ከዳንግላ፣ የጤና ባለሙያ፦
እኔ ካንቺም በ2 ሴንቲ አጥራለሁ፤ ግን በረጅም ሞተር ነው የምሠራው። ሁለት እግር ማውረድ ተይ፣ አንዱ ይበቃል። ልትቆሚ ስትይ ዳሌሽን ወደ ግራ አንሸራትቺው። ያን ጊዜ ግራ እግርሽ በሙሉ ጫማው ይረግጣል። ቀኙ የኋላ ፍሬን ላይ ይቆያል። ቦታውንም ቀድመሽ በዓይንሽ ምረጪ። በግራ በኩል ጎድጎድ ካለ እዚያ አትቁሚ፣ ትንሽ አልፈሽ ቁሚ።

ጠያቂዋ፦
ቦታ ለመምረጥ ጊዜ ሲኖር እሺ። በሬ ግን ጊዜ አይሰጥም።

መካኒክ፣ ቡሬ፦
ልጆቼ፣ ቁመት ብቻ አትቁጠሩ። እኩል ቁመት ያላቸው ሁለት ሰዎች የእግራቸው ርዝመት ይለያያል። የምትነዱበትን ጫማ አድርጋችሁ ከብሽሽት እስከ መሬት ለኩ። ከዚያ የመቀመጫውን ከፍታ ጠይቁ። ረጅሙ ያማሃ ኤክስቲዜድ 125 መቀመጫው 840 ሚሊሜትር ነው፤ ዝቅ ያለው ያማሃ ዋይቢአር 125 ደግሞ 780። 6 ሴንቲሜትር በጣት በመንካትና በጫማ ሙሉ በመርገጥ መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ግን ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም። መቀመጫው ሰፊ ከሆነ ጭን ይከፍትና እግር ያሳጥራል። ቀጭን ሰው ሲቀመጥበት ደግሞ አሞርዛተሩ፣ ንዝረት የሚቀበለው ስፕሪንግ፣ ብዙም አይወርድም። ስለዚህ ሳትቀመጡበት አትረከቡ።

ረጅሙ ከተሰጠሽ ልጄ፣ መጀመሪያ የመቀመጫውን ስፖንጅ ከላይም ከጎንና ከጎኑም አስቀንሺ። የሞተሩ ሆድ ከመሬት ያለው ከፍታ አይነካም። አሞርዛተር ማሳጠር ግን ሌላ ነገር ነው። የኋላውን ብቻ ዝቅ ካደረጉት መሪው ጠባዩን ይቀይራል፤ የፊቱም አብሮ መውረድ አለበት። የጎን መቆሚያውም ይረዝማል። ካላሳጠሩት ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይቆምና በትንሽ ንፋስ ወደ ቀኝ ይወድቃል። ይህን ረስተው የመጡ ብዙ አይቻለሁ።

ከደብረ ማርቆስ፣ ግዥ ላይ የሠራ፦
አንድ ዓይነት የሚገዛው በመለዋወጫ ምክንያት ነው። አራት ዓይነት ሞተር ያለው ጽሕፈት ቤት አንዱ ሲበላሽ የሌላውን ዕቃ አውጥቶ መጠቀም አይችልም። ሠራተኛም ይቀያየራል። ዛሬ ላንቺ የተገዛው ነገ ረጅም ሰው እጅ ይገባል።

ጠያቂዋ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የዳንግላዋን ዘዴ ዛሬ ጠዋት ሜዳ ላይ ሞከርኩት፤ ሠርቷል። የፓራፋንጎውም ነገር እውነት ነው፤ እዚያ ላይ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። አንድ ነገር ግን አልለቅም። ሞተሩን ፈርሜ ስረከብ «እስቲ ተቀመጪበት» ያለኝ ሰው አልነበረም። መለዋወጫ ታሰበ፣ መንገዱ ታሰበ፤ የሚነዳው ሰው እግር ግን አልታሰበም። አንድ ዓይነት ይገዛ፣ ይሁን። መቀመጫ ማስቀነሻው ግን ከሞተሩ ዋጋ ጋር አብሮ ይያዝ እንጂ ከደመወዜ አይውጣ።

ከሞጣ፦
በዚህ እስማማለሁ። ስፖንጁን ግን በጣም አታሳሺው። በዚያ ኮረኮንች ስትመላለሺ ወገብሽ ነው የሚከፍለው።

ጠያቂዋ፦
መጀመሪያ 2 ሴንቲ አስቀንሼ እሞክረዋለሁ። ካልበቃ እጨምራለሁ።