«ቤተሰብ ነን» እያሉ ሰርቨር መክፈት እስከ መቼ?

የከዚራው፦ ትናንት እዚሁ ድሬዳዋ በተሰጠ ሥልጠና ላይ አሠልጣኙ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ለቢሮ ፋይል መጋሪያ ኬርቤሮስ ምን ያደርጋል? ማን እንደሚገባ በአይፒ አድራሻ ወስኑ፤ ከዚያ በኋላ ሁላችንም ቤተሰብ ነን።» የእያንዳንዱን ተጠቃሚ ማንነት በዲጂታል ትኬት የሚያረጋግጠውን ሥርዓት፣ ኬርቤሮስን፣ መናቁ ነው። የነዋሪ ማኅደር የሚቀመጥበት ሰርቨር ላይ እኮ ነው!

የሳቢያኑ፦ ምን ስሕተት አለው? ኤንኤፍኤስን፣ ይህን በኔትወርክ ፋይል መጋሪያ፣ ለዓመታት እንዲሁ ስንጠቀም ኖረናል፤ የሰረቀን የለም።

ደቻቱ ማዶ፦ እንዳልተሰረቅህ በምን አወቅህ? በተለመደው አሠራር ሰርቨሩ የይለፍ ቃል አይጠይቅም። ክላየንቱ፣ ማለትም ፋይል ጠያቂው ኮምፒውተር፣ «ተጠቃሚ ቁጥር 1005 ነኝ» ካለው አሜን ብሎ ይቀበላል። በገዛ ላፕቶፔ ላይ ቁጥሩ 1005 የሆነ ተጠቃሚ ፈጥሬ ፋይልህን አገላብጣለሁ። ቤተሰብነቱ እዚህ ድረስ ነው?

የሳቢያኑ፦ አይፒው ይከለክልሃል እኮ።

ደቻቱ ማዶ፦ ለምሳ ስትወጣ ኮምፒውተርህን ታጠፋለህ፤ እኔ አይፒህን እወስዳለሁ። ከምሳ መቼ እንደምትመለስ ደግሞ ድሬ በሙሉ ያውቃል።

የሳቢያኑ፦ ስለ ምሳዬ ምን አገባህ? ሩት ስኳሽ የሚባለውንስ ረሳኸው?

የከዚራው፦ እሱ በተለምዶ ዜሮ ቁጥርን፣ ማለትም ዋና አስተዳዳሪውን (ሩትን)፣ ብቻ ነው መብት የሚያሳጣው። 1005ን ንክች አያደርገውም።

ለገሃሬ፦ ወንድሞቼ፣ ወረቀት ላይ ሁሉም ያምራል። አንድ መሥሪያ ቤት ኬርቤሮስ ተክዬ የደረሰብኝን ስሙ። የሰርቨሩና የክላየንቱ ሰዓት ከ5 ደቂቃ በላይ ከተለያየ ትኬቱ ውድቅ ነው። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር የሰዓት ባትሪው የሞተበት ኮምፒውተር ሁሉ ወደ ጥንት ዘመን ይመለሳል። አንዲት የማኅደር ሠራተኛ ደግሞ «ሰዓቱ ተሳስቷል» ብላ የጠዋቱን 9፡00 ወደ 3፡00 አስተካክላው አረፈች። ስድስት ሰዓት! ባለጉዳይ እስከ ደጅ ተሰልፎ እሷ «መግባት አይቻልም» የሚል ጽሑፍ ላይ አፍጥጣ ትውላለች።

የከዚራው፦ ጥፋቱ የኬርቤሮስ ነው? ሰዓት የሚያመሳስለውን ኤንቲፒ ለምን አልተከልክም? ሰዓት የመቀየር መብትስ ማን ሰጣት?

ለገሃሬ፦ ቤተሰብ ነን ተብሎ ነዋ!

የጁገሉ፦ ጁገል እንኳ ግንብ አለኝ ብሎ በሩን ከፍቶ አያድርም ነበር። እናንተ ድሬዎች ግንቡም የላችሁ።

የሳቢያኑ፦ ሐረር ደግሞ ገባችበት! ነፋሻ አገር ተቀምጦ ስለ ሰርቨር ክፍል ማውራት ቀላል ነው። እኛ ገና ማቀዝቀዣው ላይ ነን።

ደቻቱ ማዶ፦ ወሬ አትቀይር። ኬርቤሮስ ተከልን የምትሉም አትኩራሩ። ኬአርቢ5 የሚባለው የኬርቤሮስ ደረጃ ማንነትን ብቻ ያረጋግጣል። ኬአርቢ5አይ መረጃው መንገድ ላይ አለመነካቱን ይጨምራል። መንገድ ላይ ያለውን ፋይል የሚያመሰጥረው ኬአርቢ5ፒ ብቻ ነው። ስንቶቻችሁ እዚያ ደርሳችኋል?

የሳቢያኑ፦ በእኛ አሮጌ ሰርቨር ላይ ኬአርቢ5ፒ? አንድ ፋይል ሲከፈት ቡና ተፈልቶ ይጠጣል።

የከዚራው፦ ሦስቱንም ስኒ ጠጣ፤ የሰው ማኅደር ገበያ ላይ ከሚበተን ይሻላል።

ለገሃሬ፦ ትኬት ሰጪው ሰርቨር ራሱ ሲጠፋስ? ተተኪ አላችሁ? የአንድ ኮምፒውተር ባትሪ ለመግዛት ሦስት ፕሮፎርማ የሚጠይቅ ቢሮ ሁለተኛ ሰርቨር ይገዛል?

የሳቢያኑ፦ እሱ ይቆይ። መጀመሪያ ይህ ሰው ስለ ምሳዬ የተናገረውን ያንሣልኝ።

ደቻቱ ማዶ፦ አላነሣም። አይፒህን ግን ቀይር።