ለፍሬኖሎጂ የተሰበሰቡ የራስ ቅሎች፦ ይቀበሩ ወይስ በሙዚየም ይቆዩ?

ክርክሩን የከፈተው፦
የሙዚቃው ሊቅ ዮሴፍ ሃይድን በ1809 (እ.አ.አ.) ቪየና ውስጥ ሞቶ ተቀበረ። በቀናት ውስጥ ሁለት ሰዎች ለመቃብር ቆፋሪው ጉቦ ሰጥተው ጭንቅላቱን አስወሰዱ። ምክንያታቸው ፍሬኖሎጂ ነው። ዶክተር ፍራንዝ ጋል ያመጣው ትምህርት ሲሆን፣ የሰው ጠባይና ተሰጥኦ በአንጎል ውስጥ 27 ቦታ አለው፣ የበረታው ቦታ ያድግና ቅሉን ወደ ውጭ ይገፋል፣ ስለዚህ ጭንቅላት ዳስሶ ሰውየውን ማወቅ ይቻላል ይላል። ሌቦቹ ቅሉን አጽድተው የሙዚቃውን ጉብታ አገኘነው አሉ። የሃይድን መሆኑን እያወቁ ምን ሊያገኙ ኖሯል? በ1820 የሃይድን አሠሪ ቤተሰብ የሆነው ልዑል ኤስተርሃዚ አፅሙን ለማዛወር መቃብሩን ቢያስከፍት በራሱ ቦታ ዊግ ብቻ ተገኘ። ቤት ሲፈተሽ ደግሞ የአንደኛው ሌባ ሚስት ቅሉን ፍራሽ ውስጥ ሸሽጋ ላዩ ላይ ተኛችበት። ራሱና አካሉ የተገናኙት በ1954 ነው።
በዚያ ዘመን ስሜት የተለቀሙ ቅሎች ዛሬም በየሙዚየሙ መደርደሪያ ላይ አሉ። ትምህርቱ ከንቱ መሆኑ ከታወቀ ቆየ። እኔ ይቀበሩ ባይ ነኝ። እናንተስ?

የሕክምና ተማሪ፦
ስሜትህ ይገባኛል ወንድሜ፣ ግን እኔ ይቆዩ እላለሁ። የፊላደልፊያውን ሐኪም ሳሙኤል ሞርተንን ውሰድ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ቅሎች ሰብስቦ ውስጣቸውን መጀመሪያ በዘር፣ በኋላ በእርሳስ እንክብል እየሞላ ለካ። ከዚያ ነጩን ከላይ፣ ጥቁሩን ከታች አድርጎ የሰውን ዘር ደረደረ። በ1981 አሜሪካዊው ሳይንቲስት ስቲቨን ጄይ ጉልድ ሞርተን ሳይታወቀው ቁጥሩን አዛብቷል ብሎ ጻፈ። በ2011 ሌሎች ተመራማሪዎች ቅሎቹን እንደገና ለክተው ልኬቱ በአብዛኛው ትክክል ነው አሉ። ቅሎቹ አፈር ቢለብሱ ኖሮ ይህን ማን ያጣራ ነበር?

የታሪክ መምህርት፦
እህቴ፣ ያነሳሽው ምሳሌ እኮ ለእኔ ነው የሚመሰክረው። ልኬቱ ትክክል ሆኖ ድምዳሜው ውሸት ከሆነ፣ ጥፋቱ ቅሉ ውስጥ አይገኝማ! በዚያው ዘመን ጀርመናዊው የሃይደልበርግ የአካል ጥናት ሊቅ ፍሪድሪክ ቲደማን በ1836 ያሳተመው ጥናት አለ። እሱም ቅል ሞልቶ ለክቷል፣ የደረሰበት ግን በጥቁርና በነጭ መካከል ልዩነት የለም ወደሚለው ነው። ሞርተን አማካዩን አየ፣ ቲደማን የሁለቱ ልኬቶች እንዴት እንደሚደራረቡ አየ። ይህን ለማወቅ መዝገባቸው ይበቃል።
ደግሞ የማን ቅል እንደሆነ እንነጋገር። ሃይድንን የፈለገው ልዑል ነው። ፊላደልፊያ ውስጥ በድሆች መጠለያ ሞቶ ቅሉ ለሞርተን የተወሰደውን ጥቁር ማን ይፈልገው?

ሌላ ተከራካሪ፦
አንድ ነገር ላርም። ፍሬኖሎጂ ጉብታ ማንበብ ነው፣ የሞርተን ሥራ ስፋት መለካት ነው። ሁለቱን አንድ አታድርጓቸው።

የታሪክ መምህርት፦
ልክ ነህ፣ ዘዴው ይለያያል። ግን የሞርተን የ1839 መጽሐፍ መጨረሻ ላይ የኤዲንብራው ፍሬኖሎጂስት ጆርጅ ኮምብ የጻፈው ድርሰት ተያይዟል። ሁለቱ ትምህርቶች ጎረቤታሞች ነበሩ።

የሕክምና ተማሪ፦
ፈቃድስ? ጋል የራሱ ቅል ከስብስቡ እንዲጨመር ፈልጎ ነው የሞተው፣ አሁን ፓሪስ ነው። በ1832 ቦስተን ላይ የሞተው ባልደረባው ስፑርዝሃይምም ቅሉ ሃርቫርድ አለ። እነሱንም እንቅበር?

ክርክሩን የከፈተው፦
የለም፣ ፈቅዶ የሰጠ ሰው ይቆይ፣ ቃሉ ይከበርለት። እኔ የምለው ሳይጠየቅ የተወሰደውን ነው። የአፄ ቴዎድሮስ ፀጉር በ2019 ከለንደን ሲመለስ ምን እንደተሰማን አስታውሱ። ያ የራስ ፀጉር ነው። ይህኛው ራሱ ነው።

አሜሪካ ያለሁ፦
እዚህ የሆነውን ልንገራችሁ፣ ሁለታችሁንም ይነካል። የሞርተንን ቅሎች የያዘው የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም (ፔን ሙዚየም) በ2021 ስለ ስብስቡ ይቅርታ ጠየቀ። የ20 ጥቁር የፊላደልፊያ ሰዎችን ቅል ለመቅበርም ተነሳ። በመሀል ከ20ዎቹ የአንዱ እናት የአሜሪካ ቀደምት ሕዝብ ተወላጅ እንደነበረች ተደረሰበትና እሱ ቀረ። በ2024 መጀመሪያ 19ኙ ኤደን በሚባለው የጥቁሮች መካነ መቃብር አረፉ። አፈር ውስጥ ሳይሆን ከመሬት በላይ በተሠራ ክፍል ነው፣ ነገ ዘመድ ቢገኝ ማውጣት እንዲቻል። አንዳንድ የከተማው ጥቁሮች ግን ተቆጡ። ማንነታቸው ሳይጣራ፣ ማኅበረሰቡም ሳይወስን ተቸኮለ አሉ።

የሕክምና ተማሪ፦
ይሄ አሳመነኝ፣ ግን በከፊል። ስካንና ቅጂ ካለ ለምርምሩ ይበቃል፣ በዛ ተሸንፌያለሁ። በችኮላው ግን ከተቆጡት ጋር ነኝ። ያ አንዱ ሰውዬ እኮ ሳይታወቅ ሊቀበር ነበር። መጀመሪያ ይጣራ፣ ከዚያ ይቀበር።

ክርክሩን የከፈተው፦
ይጣራ፣ እስማማለሁ። ግን የሚያጣራው ማን ነው? ያው ሙዚየሙ ከሆነ የጊዜ ገደብ ይቀመጥለት። ሃይድን ልዑል ጠያቂ እያለው 145 ዓመት ፈጅቶበታል።