ለእርጎ የሚሆን ወተት ይፈላ ወይስ አይፈላ?

አወያይ፦ የዛሬው መከራከሪያ ይኸው። «ጥሬ ወተት የረጋ እርጎ ፕሮባዮቲክ ነው፤ ካፈሉት ጥቅሙ ይሞታል» የሚሉ በርክተዋል። አቋማችሁን ከነምክንያቱ ጻፉ።

ዘንዘልማ፦ ይሞታል እንጂ! የሚያረጋው ወተቱ ውስጥና ቅሉ ግድግዳ ላይ ያለው ባክቴሪያ ነው። ያን ከፈጀነው የሚቀረን ነጭ ውኃ ነው። ለመጥፎውማ ዕቃው በወይራ ይታጠናል።

ላብ ኮት፦ ወንድም ዓለም፣ የወይራው ጭስ ባክቴሪያ ያዳክማል፣ እውነት ነው። ግን ሲበዛ የሚያረጋውንም ያዘገየዋል፤ ብሩሴላ የሚባለውን ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ አምጪ ባክቴሪያና የከብት ቲቢን ያጠፋል ብሎ መተማመን ግን አይቻልም። መኮምጠጡም ዋስትና አይደለም፤ ብሩሴላ እርጎ ውስጥ ለቀናት ሊቆይ ይችላል።

ማፍላት እርጎውን አያስቀርም፣ ቅደም ተከተሉን ይለውጣል እንጂ። ወተቱ ገንፍሎ እስኪነሳ ይፈላል፤ ተከድኖ ይቀዘቅዛል፤ ጣት ነክሮ መቆየት ሲቻል ለ1 ሊትር 2 ወይም 3 የሾርባ ማንኪያ እርጎ ይጨመርና ሳይነቃነቅ ይቀመጣል። ትኩሱ ላይ ከጨመሩት ያው ገደሉት፣ አይረጋም። ብዙ ሰው የሚስተው ደግሞ እዚህ ላይ ነው፦ የሚጨመረው እርጎ ራሱ ከጥሬ ወተት የረጋ ከሆነ፣ በእሳት ያባረሩትን በማንኪያ መልሰው አስገቡት። የመጀመሪያው እርሾ ስኳር የሌለበት፣ ከፓስቸራይዝድ (ጀርሙ በሙቀት ከተገደለ) ወተት የተሠራ የሱቅ እርጎ ይሁን። እሱ ሙቀት ይወዳል፤ ድስቱን በጋቢ ጠቅልሉት።

የሽምብጥ እናት፦ ባሕር ዳር ከፍታዋ ወደ 1,800 ሜትር ነው፣ ውኃ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል ይባላል። ይበቃል?

ላብ ኮት፦ ይተርፋል፣ እትዬ። ፓስቸራይዜሽን 72 ዲግሪ ላይ 15 ሰከንድ፣ ወይም 63 ላይ 30 ደቂቃ ነው።

ክኒን ቆጣሪ፦ ቃሉም ይጥራ። የዓለም ጤና ድርጅትና የተመድ የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጡት ትርጉም፣ ፕሮባዮቲክ በሕይወት ያለና በበቂ መጠን ሲወሰድ ጤናን የሚጠቅም ረቂቅ ሕዋስ ነው ይላል። የቤት እርጎ ውስጥ የትኛው ዝርያ በምን ያህል እንዳለ አልተቆጠረም፤ ሕያው ምግብ እንበለው። ላክቶስ (የወተት ስኳር) ለማይስማማው ግን ይረዳል፤ ባክቴሪያው ስኳሩን ቀድሞ ይሰባብርለታል። ለሕፃን ተቅማጥ እርጎም የፕሮባዮቲክ ክኒንም ኦአርኤስን (በውኃ የሚበጠበጠውን የተቅማጥ ንጥረ ነገር) እና ዚንክን አይተኩም።

ዘንዘልማ፦ እንጀራስ? ሦስት ቀን ቦክቶ የለ?

ክኒን ቆጣሪ፦ ባክቴሪያው ምጣዱ ላይ ያልቃል። ሥራውን ግን ሠርቶ ነው የሚያልቀው፤ ፋይቴት የሚባለውን፣ ብረትና ዚንክ ይዞ ሰውነት እንዳይወስዳቸው የሚያደርገውን የእህል ንጥረ ነገር ቀንሶታል። የጤፉ አሰር ደግሞ ትልቁ አንጀት ያሉት ባክቴሪያዎች ቀለብ ነው፤ ሲያብላሉት ከሚያወጡት አንዱ ቡታይሬት ሲሆን የአንጀት ግድግዳ ሕዋሳት ዋና ነዳጅ ነው። ይህ በፕሪባዮቲክ (የጥሩ ባክቴሪያ ቀለብ) ወገን ያለ ነገር ነው፤ ኢኑሊን የሚባለው የሽንኩርት አሰርም እዚያው ይመደባል። ሽምብራና ባቄላን ድንገት አብዝቶ ሆዴን ነፋኝ የሚል፣ ሌሊቱን ዘፍዝፎ ውኃውን ይድፋ፤ መጠኑንም ቀስ እያለ ይጨምር።

ዘንዘልማ፦ እሺ፣ ስለ እሳቱ ተረታሁ። ግን እንደተባለው ተሠርቶም የማይረጋ ወተት አለ፤ ይህስ?

ላብ ኮት፦ እርሾው ደህና ከሆነ ላሟን ጠይቁ። ለጡት በሽታ አንቲባዮቲክ ተሰጥቷት የመድኃኒቱ ቀን ሳያልቅ ከታለበች፣ መድኃኒቱ ወተቱ ውስጥ ሆኖ እርሾውን ያከሽፈዋል፤ ማፍላትም አብዛኛውን አያጠፋውም። እንዲህ ያለው ወተት ለሽያጭ መቅረብም አልነበረበትም።