የሚበልጡኝን ፕሮክተሮች እንዴት ልምራ?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሦስት ዓመት ፕሮክተር (የተማሪዎች ዶርም ተቆጣጣሪ) ሆኜ ሠርቻለሁ። ባለፈው ወር የሴቶች ዶርም አስተባባሪ አደረጉኝ። ካሉኝ 11 ፕሮክተሮች ስምንቱ በዕድሜ ይበልጡኛል። ሥራውን ያስተማሩኝም እነሱ ናቸው። "ለምን ዘገያችሁ?" ማለት ያሳፍረኛል፤ ዝም ስል ደግሞ ሥራው ይበደላል። ሰሞኑን የማታ ተረኛዋ ሳይመጡ ቀሩ። የዚያን ዕለት ሌሊት አንዲት ፍሬሽ ታማ ጓደኞቿ በብርድ ልብስ ተሸክመው ክሊኒክ አደረሷት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እናንተ መምራትን እንዴት ተማራችሁት?

መልስ 1፦
መጀመሪያ የሥራ ዝርዝርሽን በጽሑፍ ጠይቂ። ሥልጣንሽ የት ድረስ እንደሆነ ሳታውቂ ማንንም መጠየቅ አትችዪም።

ጋሼ፦
እህቴ፣ ተማሪዎች ዲን ቢሮ ከገባሁ 12 ዓመቴ ነው። እኔን ያስተማረኝ ውኃ ነው። አንድ ጊዜ ዶርም ውስጥ ውኃ አራት ቀን ጠፋ። ተማሪዎቹ ጄሪካን ይዘው ቢሮዬ በር ላይ ተሰበሰቡ። እንዲበተኑልኝ ብዬ "ነገ ጠዋት ይመጣል" አልኳቸው። አልመጣም። ከዚያ በኋላ ለወራት የሚሰማኝ አጣሁ።

በዓመቱ እንደገና ጠፋ። ያኔ ከየብሎኩ ሁለት ሁለት ተወካይ ይዤ ፓምፑ ጋ ወረድኩ። የተቃጠለውን ሞተር በዓይናቸው አዩ። ጥገና ላይ ያለው ሰውዬ ራሱ "ከሦስት ቀን በፊት አይደርስም" አላቸው። ቦቴው በስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ የትኛው ብሎክ ቀድሞ እንደሚቀዳ አብረን ጻፍን። ወረቀቱን በር ላይ የለጠፉትም እነሱ ናቸው። ማንም አልጮኸም።

ትልልቆቹንም እንደዚሁ ሥራው ውስጥ አስገቢያቸው። ከ2015 ጀምሮ የሪሚዲያል ልጆች አሉን፤ በ12ኛ ክፍል ፈተና የማለፊያ ነጥብ ሳያመጡ ቀርተው የማካካሻ ትምህርት የሚወስዱ ናቸው፤ ካላለፉ ወደ ቤት ነው የሚመለሱት። ፈተና ሲቃረብ ማን ምግብ እንደተወ፣ ማን ሌሊቱን ኮሪደር ላይ እንደሚያድር ቀድሞ የሚያውቀው ፕሮክተር ነው። ሰኞ ሰኞ ቡና አፍልታችሁ "በዚህ ሳምንት የምትሰጉላት ልጅ ማናት?" ብለሽ ጠይቂያቸው። የሚሉትን ጻፊ፤ በሚቀጥለው ሰኞ ምን እንዳደረግሽበት ንገሪያቸው።

የቀሩትን ሴትዮ ግን ዛሬውኑ ለብቻቸው አነጋግሪያቸው። አንቱ እያልሽ፣ ግን ሳትሸፋፍኚ። የልጅቷን ነገር እንዳለ ንገሪያቸውና የቀሩበትን ምክንያት ጠይቂ። መልሳቸውን ሳትሰሚ ማስጠንቀቂያ እንዳትጽፊ።

ጠያቂዋ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አነጋገርኳቸው። ተረኛ የሚገቡት ማታ 2 ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት ሰርቪስ የለም፣ የዚያን ዕለት ደግሞ ዝናብ ስለነበር ባጃጅም አጡ። ስለ ልጅቷ ስነግራቸው አለቀሱ። መግቢያውን 12 ሰዓት አድርገነዋል፤ የመጨረሻው ሰርቪስ ያደርሳቸዋል። ቀድሞ ያለችው ተረኛም ተተኪዋ ሳትደርስ ቁልፍ አታስረክብም። ይህን ያሉት ራሳቸው ናቸው።