ከጀርመን የመጣ የጦስኝ ሽሮፕ ለልጆች ይሆናል?

የደብረ ብርሃኗ፦
ሰላም ወገኖች። እህቴ ከጀርመን የሳል ሽሮፕ ልካልኛለች። ጠርሙሱ ላይ ያለው ሥዕል ቁርጥ የኛን ጦስኝ ነው፣ ሽታውም ያው። የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ሰሞኑን ቤቱ ሙሉ ይስላል። ትልቁ ልጄ 5 ዓመቱ ነው፣ ትንሿ 8 ወሯ። ለሁለቱም ልስጣቸው? ሲያልቅስ በኛ ጦስኝና ማር ራሴ ብሠራው? አማቴ የመንዝ ሰው ናቸው፤ «ጓሳ ላይ ረግጠነው የምናልፈውን በአውሮፕላን አስመጣችሁ?» እያሉ ይስቁብኛል።

ፋርማሲስቱ፦
አማትሽ ብዙም አልተሳሳቱም። ዝርያቸው ይለያያል እንጂ ወገናቸው አንድ ነው። ሁለቱም ውስጥ ቲሞልና ካርቫክሮል አለ፤ ያ ሽታ የእነሱ ነው። አውሮፓውያን አክታ ላለው ሳል ከጥንት ጀምሮ ይጠጡታል። ተአምር ግን አትጠብቂ፣ ጉንፋን የሚለቀው በራሱ ጊዜ ነው።

ለትንሿ እንዳትሰጪ። በተለይ ማር ያለበትን! ዓመት ያልሞላው ሕፃን ማር አይቀምስም፤ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ መመረዝ ሊያመጣበት ይችላል። ባፈላውስ እንዳትዪ፣ ተህዋሲው በቤት ማፍላት አይሞትም። ትንፋሿ ከፈጠነ ወይም ጡት እምቢ ካለች ቀጥታ ጤና ጣቢያ።

ለትልቁ ወረቀቱ ላይ ያለውን ዕድሜና መጠን እህትሽ ታንብብልሽ። አንዳንዱ የጦስኝ መድኃኒት አልኮል አለበት።

አንኮበሬ፦
እህቴ፣ ስትሠሪ ጦስኙን አታንተክትኪው። የፈላ ውሃ አፍስሺበትና ክዳኑን ግጥም አድርጊ፣ ሩብ ሰዓት ይቆይ። ካልከደንሽው ሽታው ቤቱን ያውዳል እንጂ ጉሮሮ አይደርስም። አጥልለሽ፣ ለብ ሲል ማሩን ጨምሪ። እኔን ከጠየቅሽኝ ዋናው መድኃኒት ማሩ ነው። ደግሞ ትንሽ ትንሽ ሥሪ። ማር ቆጥበሽ ውሃ አብዝተሽ ካስቀመጥሽው ጠጅ ጠመቅሽ ማለት ነው 😄

የደብረ ብርሃኗ፦
😂 ተባረኩ። እህቴ ስታነብልኝ የማርሽማሎው ሥርም አለበት አለች። ከረሜላው ነው እንዴ?

ፋርማሲስቱ፦
አይ፣ ተክል ነው። ሥሩ ውሃ ሲነካው እንደ ተልባ ይለጠልጣል። ጉሮሮን ስለሚያለብሰው ደረቁን ሳል ያበርደዋል። ሌላ የሚዋጥ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ ግን አንድ ሰዓት ያህል ያራርቀው። ደግሞ ከቤተሰቡ 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የሳለ ካለ፣ ሽሮፑን ትቶ አክታውን ያስመርምር።